ባልጩትና የጥንቱ ባለሙያ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በአዋሽ ዳር የሚገኘው የመልካ ቁንጡሬ ጥንታዊ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1963 በሆላንዳዊው የውሃ ጥናት ባለሙያ በጄራርድ ዴከር አማካይነት ታወቀ። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እልፍ ሲሉ ባልጪት የተባለች መንደር ትገኛለች፤ ስሟንም ያገኘችው ከምድሯ ድንጋይ ነው።

ባልጩት ሲሊካ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ቅላጭ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር መስተዋት ነው። የማዕድን ቅንጣቶች በውስጡ ስላልተሰደሩ የምቱ ኃይል ሳይሰናከል ያልፍበታል፤ ስባሪውም እንደ ዛጎል የጎደጎደ ገጽና እንደ ምላጭ የሰላ ጠርዝ ይኖረዋል። ስለዚህ ባለሙያው አስቀድሞ ስንጥቅና አረፋ የሌለበትን ይመርጣል፤ ቀጥሎም ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ ያነሰውን ጠርዝ ፈልጎ በጠንካራ ድንጋይ ይመታዋል።

በዚያው በመልካ ቁንጡሬ ክልል፣ በሲምቢሮ፣ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የነበሩ ሰዎች ወንዝ ያመጣውን ባልጩት እየለዩ የእጅ መጥረቢያ በብዛት ይሠሩ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት አስረድቷል።

ድንጋይን መርጦ የመፍለጥ ሙያ እስከ ዘመናችን የደረሰው በደቡብ ኢትዮጵያ ቆዳ ፋቂዎች እጅ ነው። በኮንሶ ሴቶች፣ በጋሞ ወንዶች መፋቂያውን ከድንጋይ ያወጣሉ። ኅብረተሰቡ ግን በሥራቸው እየተገለገለ እነርሱን ዝቅ አድርጎ ተመልክቷቸዋል።

መልካ ቁንጡሬና ባልጪት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እንግዲህ ድንጋዩ የተከበረውን ያህል ሙያተኛውም ሊከበር፣ የአመራረጡና የአመታቱ ጥበብም ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ በጽሑፍና በሥዕል ሊመዘገብ ይገባል።