ከወንጌል ኅዳግ እስከ አይከል ኮምፒውተር

«ሲስተም የለም» የምትለውን ቃል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ባንክ ሰምተናታል፣ መብራት ኃይል ሰምተናታል፣ ቀበሌ ሰምተናታል። ከተማ ላይ ስትባል ሰው አጉረምርሞ ነገ ይመለሳል። ጭልጋ ላይ ግን ሌላ ነው። ከቆላው ቀበሌ በሌሊት ተነስቶ፣ በእግሩ ተጉዞ አይከል የገባ ገበሬ «ኮምፒውተሩ አልነሳ ብሏል፣ ሰኞ ና» ሲባል የሚባክነው አንድ ቀን ብቻ አይደለም። የድንበር ክርክር ይዞ ከሆነ የመጣው፣ እስከ ሰኞ ጎረቤቱ ሁለት ትልም ገፍቶ ሊጠብቀው ይችላል።

ዛሬ ስለዚያ አልነሳ ስላለ ኮምፒውተር ላወራ ነው። ጎንደር ይህን ጉዳይ ኮምፒውተር ከመፈጠሩ ከብዙ ዓመት በፊት ታውቀዋለች፤ ዋጋም ከፍላበታለች። ግን ከማሽኑ እንጀምር።

ለቢሮ መዝገብ የሚገዛ ዴስክቶፕ አንዳንዴ ሁለት ሃርድ ዲስክ ይገጠምለታል። አንዱ ላይ የተጻፈው ሁሉ እዚያው በዚያው ሌላውም ላይ ይጻፋል። ሬድ ይሉታል። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። ታዲያ አንድ ቀን፣ መብራት ጠፍቶ ሰንብቶ ሲመጣ፣ ቁልፉ ሲጫን ዊንዶውስ አይነሳም። ወይ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፣ ወይ ጥቁር ገጽ ላይ «የሚነሳበት ዲስክ አልተገኘም» የሚል የእንግሊዝኛ መስመር። ሠራተኛው «ሁለቱም ዲስኮች ተቃጠሉ» ብሎ ለአለቃው ይናገራል።

ሁለት ዲስክ በአንድ ሌሊት አብሮ መሞቱ የማይሆን ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ ግን የሞተው ሌላ ነው፦ ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠች የሳንቲም ቅርጽ ያላት ትንሽ ባትሪ። ይህች ባትሪ መብራት በሌለ ጊዜ የኮምፒውተሩን ሰዓት፣ በብዙ ማሽኖች ላይ ደግሞ ባዮስ የሚባለውን የመነሻ ፕሮግራም ቅንብር ይዛ ታቆያለች። ዕድሜዋ ጥቂት ዓመት ነው፤ መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት አገር ደግሞ ያጥራል። ስታልቅ ማሽኑ ይዘነጋል። ሰዓቱ ከብዙ ዓመት በፊት ወዳለ ቀን ይመለሳል። «እነዚህን ሁለት ዲስኮች እንደ አንድ ቁጠራቸው» የሚለው ትእዛዝም ከፋብሪካ እንደመጣው ወዳለው አሠራር ይለወጣል። ዲስኮቹ ደኅና ናቸው፤ መዝገቡም እንዳለ አለ። የጠፋው መዝገቡ እንዴት እንደሚከፈት የሚናገረው አንድ ቃል ነው።

ስለዚህ አዋቂ ቴክኒሻን መጀመሪያ የሚያየው ሰዓቱን ነው። ሰዓቱ ከተሳሳተ ባትሪውን ይቀይራል፣ ባዮስ ገብቶ የዲስኩን አሠራር ወደ ሬድ ይመልሳል፣ ቀኑን ያስተካክላል። ደቂቃዎች የሚፈጅ ሥራ ነው። አሁንም ካልተነሳ ማሽኑ ከየትኛው ዲስክ ለመነሳት እየሞከረ እንደሆነ ይመለከታል፤ የተረሳ ፍላሽ ተሰክቶ ቀርቶ ቢሮ ሙሉ ሰው ያስቆመበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚያ ኬብል። ከዚያ የሬዱን የራሱን ገጽ ከፍቶ የትኛው ዲስክ ጤነኛ፣ የትኛው የታመመ እንደሆነ ያነባል። ያነባል ብቻ፤ ምንም አይጫንም።

ጥፋቱ የሚመጣው ከመጫን ነው። በአገራችን ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ የሚታዘዝ አንድ መድኃኒት አለ፦ «ፎርማት አድርገው»። ሌላውም አለ፤ «አዲስ ሬድ ፍጠር» የሚለውን ነክቶ የነበረውን ማጥፋት። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ሦስተኛው ነው። አዲስ ባዶ ዲስክ ይገዛና አቅጣጫው ተገልብጦ ባዶው በሙሉው ላይ ይገለበጣል። ማሽኑ ይታዘዛል፤ ሁለቱም ዲስኮች እኩል ባዶ ይሆናሉ፣ መስተዋቱም በትክክል ሠራ ይባላል። ኬብሎቹን ቁጥር ሳይጽፉ፣ እያንዳንዱን ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ ሳይገለብጡ እጅ ማስገባት፣ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚያሰኝ ነው።

ይህ የሬድ ነገር ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1988 ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ሰዎች አንድ ጽሑፍ አቀረቡ። በዚያ ዘመን ትልቅ መረጃ የሚቀመጠው እንደ አይቢኤም ባሉ ኩባንያዎች ግዙፍና ውድ ዲስክ ላይ ነበር። እነሱ ለግል ኮምፒውተር የተሠሩትን ትንንሽ ርካሽ ዲስኮች ሰብስበን እንጠቀም አሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው ነገሩ። ግን ድሩ ሲበዛ የሚበጠሰውም ይበዛል። አንዱ ዲስክ በአማካይ 30,000 ሰዓት ይቆያል ቢባል፣ መቶ ዲስክ በአንድ ላይ ሲታሰር በየ300 ሰዓቱ አንድ ይበላሻል፤ ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ትርፍ ጨመሩበት። አንዱ መንገድ ሁሉን ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው። ሌላው ብልጠት አለው፦ ሦስት ነጋዴ የየራሱን ገንዘብ ቢይዝና አራተኛው ሰው ድምሩን ብቻ ቢይዝ፣ ከነጋዴዎቹ የአንዱ ሒሳብ ቢጠፋ ከድምሩ ላይ የሁለቱን ቀንሰህ ታገኘዋለህ። ስሙን «የርካሽ ዲስኮች ትርፍ ያለው ስብስብ» አሉት። ኋላ ሻጮቹ «ርካሽ» የሚለውን «ራሱን የቻለ» በሚል ለወጡት፤ ርካሽ እያሉ ውድ መሸጥ አይመችማ።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ያሰቡት ዲስክ ሲሰበር ነው። ሰው በስህተት ፋይል ሲያጠፋ፣ ቫይረስ ሲገባ፣ ቤቱ ሲቃጠል፣ ማሽኑ ተጭኖ ሲወሰድ ሬድ አያድንም። ያጠፋኸውን በሁለቱም ላይ እኩል ያጠፋልሃል።

አሁን ወደ ጎንደር።

በጎንደር ነገሥታት ዘመን መሬት ሲሸጥ፣ ሲሰጥ፣ ሲወረስ፣ ውሉ የሚጻፈው በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ነበር። ሻጩ እገሌ፣ ገዢው እገሌ፣ ዋጋው ይህን ያህል ወቄት ወርቅ፣ ከዚያም የምስክሮች ስም በተርታ። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ ኢትዮጵያ መሬትና ማኅበረሰብ ባሳተሙት መጽሐፍ ብዙውን ነገር ያገኙት ከእነዚህ ማስታወሻዎች ነው። ለምን ወንጌል ላይ? ወንጌልን ማንም አይቀድም፣ ማንም አይፍቅም፤ የሚጠብቀው ካህን አለ። ብራናው ቢጠፋ እንኳ ምስክሮቹ አሉ፣ ልጆቻቸው አሉ። መዝገቡ በብራና ላይም በሰው ላይም ተጽፏል። ሌላው ጥንካሬው መበተኑ ነበር፤ የየደብሩ መዝገብ በየደብሩ ስለነበረ አንዱ ደብር ቢቃጠል የሌላው አይነካም።

ከዚያ ዐፄ ቴዎድሮስ መጡ። መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን፣ ለቤተ ክርስቲያኑም ታላቅ ቤተ መጻሕፍት አሰቡ። የመይሳውን ሐሳብ ትልቅነት የምክድ አይደለሁም፤ የአገሪቱን መጻሕፍት አንድ ቦታ ላይ ማየት የፈለገ ንጉሥ ከእሳቸው በፊት ስንት ነበር? ነገር ግን መጻሕፍቱ አልተገለበጡም፤ ተነሥተው ሄዱ እንጂ። በ1859 ዓ.ም. የጎንደር አድባራት ተዘርፈው ተቃጠሉ፣ መጽሐፎቻቸው ወደ አምባው ተጫኑ። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ጥራዝ በአንድ ተራራ ላይ ተከማቸ። ለየብቻው የኖረው መዝገብ ሁሉ የአንዲት አምባ ዕጣ ተካፋይ ሆነ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባዋ ወደቀች። ምርኮው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ አብሮ ነበር። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ለንደን ገቡ። የገባው ገድልና ድርሳን ብቻ አልነበረም፤ በኅዳጉ ላይ የነበረው የጎንደር ሰው ርስትም አብሮ ሄደ።

ወደ ኮምፒውተሩ የሚመልሰኝ የሚቀጥለው ነገር ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ ላኩ። የጠየቁት መድፍ አይደለም። ክብረ ነገሥት የሚባለውን መጽሐፍ መልሱልኝ አሉ፤ የኢትዮጵያ ሕግ፣ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአገሮቹ ስም በእሱ ውስጥ አለ፣ ያለ እሱ ሕዝቤ ትእዛዜን አይቀበልም ብለው። ሰው አለ፣ አገር አለ፣ ዘውድ አለ፤ ግን መንግሥቱ የሚነሳበት መጽሐፍ ባሕር ማዶ ነው። ሙዚየሙ መለሰላቸው። ለምን መለሰ? የመጽሐፉ ሁለት ቅጂ ስለነበረው። ቅጂ የሌላቸው እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው።

ከመቅደላ የተረፈው ደግሞ በጥር 1880 ዓ.ም. ከመተማ በኩል የመጣው የመሐዲስቶች ጦር ጎንደርን ሲያቃጥል ሌላ ፈተና አየ። ዛሬ መኪና ከመተማ በአይከል አድርጎ ጎንደር የሚገባበት ያ ቀጠና ንግድም እሳትም አምጥቷል።

መጽሐፉን ሳይነኩ መገልበጥ የተጀመረው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በአዲስ አበባው መንበረ ፓትርያርክና በአሜሪካኖቹ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅቪል ትብብር የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ይነሡ ጀመር። ብራናው በደብሩ ይቀራል፤ የፊልሙ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው ሚኒሶታ ይቀመጣል። ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት እነዚህን ፊልሞች ለመዘርዘር ነው። ይህ ሬድ አይደለም፤ ከሬድ ይሻላል። ሦስቱን ቦታ አንድ እሳት አይደርስባቸውም።

ይህን ዛሬ ሀብታም አገርም አልተማረውም። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጆን ከተማ ባለው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ከሊቲየም ባትሪ እሳት ተነሳ። በመቶዎች የሚቆጠሩ የመንግሥት ሲስተሞች ቆሙ። የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን የሚያስቀምጡበት 858 ቴራባይት ማከማቻ ከነአካቴው ጠፋ፤ በጣም ትልቅ ነው ተብሎ ውጭ ቅጂ አልነበረውም። ዓለምን በቺፕ የምታጠግብ አገር ናት!

ወደ አይከል ልመለስ። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር ደረጃ በሕግ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የመሬት ይዞታም ከእጅ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። ጥሩ ነው፤ በዚህ የምቃወም የለሁም። የምጠይቀው፣ በየወረዳው ያለውን መረጃ ለአንድ ክፍል፣ ለአንድ ማሽን፣ ለአንድ «ልጁ ያውቀዋል» ለሚባል ሠራተኛ ስንሰጥ መቅደላን እየደገምን አይደለም ወይ? ልጁ ሲዛወር የይለፍ ቃሉም አብሮት ይዛወራል።

«ክላውድ ላይ ይቀመጥ» የሚል አይጠፋም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆየ። ኢንተርኔት በሌለበት ክላውድ ሰማይ ላይ ያለ ደመና ነው። ጎንደር በ60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየሳምንቱ ዲስክ በመኪና መላክ ይቻላል፣ መንገዱ ካልተዘጋ። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቅጂው እዚያው ከተማ፣ ግን ሌላ ግቢ፣ ሌላ ጣሪያ ሥር መሆን አለበት። ጭልጋ ባለፉት ዓመታት ደጋግማ ተኩስ የሰማች ናት፤ ተኩስ ባለበት ቢሮ እንደ ቢሮ አይቆጠርም። የገበሬውን የይዞታ ደብተርም «ኮምፒውተር ገብቷልና አያስፈልግም» ብሎ የሚንቅ ባለሙያ ካለ ቆም ይበል። ያ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለ ደብተር ከሁሉ ርቆ የተቀመጠ ቅጂ ነው። ከማሽኑ ክዳን ውስጥ ደግሞ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፦ የዲስኩ አሠራር ሬድ ነው፣ ኬብል አንድ እዚህ፣ ኬብል ሁለት እዚህ፣ ባትሪው የተቀየረው በዚህ ቀን። ወጪው አንድ ቅጠል ወረቀት ነው።

የመቅደላ መጻሕፍት አሁን ያሉት ከሙዚየሙ በወጣው ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ከነሱ ብዙዎቹን ፎቶ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ አኑሮ ነበር፤ ጎንደር የተቀመጠ ተማሪም በስልኩ የአያቶቹን ብራና ያይ ነበር። ጥቅምት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. የኮምፒውተር ወንበዴዎች ገብተው ሲስተሙን ቆለፉት፣ ገንዘብም ጠየቁ። የብራናዎቹ ድረ ገጽ ለረጅም ጊዜ ጠፋ። ቤተ መጻሕፍቱ በኋላ ባወጣው ዘገባ የፎቶዎቹ ቅጂ በእጄ አለ፣ ነገር ግን መልሼ የምጭንበት የሚሠራ ማሽን አጣሁ አለ። ብራናው መደርደሪያው ላይ ነበር፣ ፎቶውም ነበር። ለንደን ላይም ሲስተም አልነበረም።