ዜና ጉባኤ ዘማራንጉ

በ7448 ዓመተ ዓለም፣ በ1948 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ ኅዳር 2 ቀን በዕለተ ቅዳሜ፣ በታንጋኒካ ምድር፣ በኪሊማንጃሮ ተራራ ወገብ፣ ማራንጉ በምትባል ስፍራ የአፍሪካ ሉተራውያን ተሰበሰቡ። ፈረንጆች ይህን ዓመት 1955 ይሉታል። ከዚያ በፊት ሉተራውያን አፍሪካን በሙሉ የሚያገናኝ ጉባኤ አድርገው አያውቁም ነበር።

የዚያች አገር ነገር እንዲህ ነው። በ1886 ዓ.ም. ከጀርመን አገር ከላይፕዚግ የተላኩ ሚሲዮናውያን በኪሊማንጃሮ ወደሚኖረው ወደ ቻጋ ሕዝብ መጡ። በጥቅምት 1889፣ ከዓድዋ ድል ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኦቪርና ዜገብሮክ የሚባሉ ሁለት ሚሲዮናውያን በሜሩ ተራራ ተገደሉ። ሥራው ግን በዚህ አልቆመም። ከዚህም በኋላ ጀርመን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስትሸነፍ እንግሊዞች በ1912 ሚሲዮናውያኑን ካገር አስወጡ፤ ከአሜሪካም የኦጉስታና ሉተራውያን ለእርዳታ መጡ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ተመልሰው የነበሩት ጀርመኖች ደግሞ ተያዙ። ሁለት ጊዜ እረኛ ተወሰደ፤ ሁለቱንም ጊዜ መንጋውን የጠበቁት የአገሩ መምህራን ናቸው። የወለጋ ሰው ይህን ቢሰማ አይደነቅም፤ ጣልያን ሚሲዮናውያኑን ባባረረ ጊዜ በእርሱም አገር የሆነው ይኸው ነበርና።

ጉባኤው በተጠራበት ወራት ግን የሰው ልብ ከብዶ ነበር። ከማራንጉ ሩቅ ባልሆነው በሜሩ፣ እንግሊዞች በ1944 ዓ.ም. ሕዝቡን ከእንጋሬ ናንዩኪ መሬቱ ነቅለው ለነጭ ገበሬዎች ሰጥተው ነበር። ኪሪሎ ጃፌት የሚባል ሰው ባሕር ተሻግሮ በተባበሩት መንግሥታት ፊት ቆሞ ጮኸ፤ ተሰማለት፣ መሬቱ ግን በዚያን ጊዜ አልተመለሰም። ከተራራው ማዶ በኬንያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ደም ይፈስ ነበር። በደቡብ አፍሪካም መንግሥት የባንቱ ትምህርት የተባለውን ሕግ አውጥቶ ሚሲዮኖች ያቆሟቸውን ትምህርት ቤቶች ወሰደ።

ሌላም ችግር ነበረ፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉ የሚብሰው እርሱ ነው። ሉተራውያኑ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። የማዳጋስካሩ ደብዳቤ ወደ ኖርዌይ፣ ወደ ስታቫንገር ይሄዳል፤ የቻጋው ወደ ላይፕዚግ፤ የወለጋው እኩሌታው ወደ ስቶክሆልም፣ እኩሌታው ወደ ሄርማንስቡርግ። ጎረቤት ለጎረቤት የሚጽፍበት መንገድ አልነበረም። ይህን ያየው በሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የሚሲዮን ሥራ ኃላፊ የነበረው ፍሪድቾቭ ቢርኬሊ ነው። ኖርዌያዊ ቢሆንም በማዳጋስካር አገልግሎ ነበርና ነገሩን ከቅርብ ያውቀዋል። ጉባኤውንም አዘጋጀ።

እንግዶቹ ከማዳጋስካር፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከካሜሩን፣ ከናይጄሪያ፣ ከእኛም አገር መጡ። ማራንጉ ለምለም ናት። ቤቱ ሁሉ በሙዝ ተክል ውስጥ ነው፤ ከሙዙ ጥላ ሥር ቡና ይበቅላል፤ የቻጋ አባቶች ከተራራው ጠልፈው ያወረዱት ውኃ በየጓሮው በቦይ ይፈሳል። ቡናው ግን እንደ እኛ አገር ጎረቤት ተጠርቶ የሚጠጣ ሳይሆን፣ ተለቅሞ ወደ ሞሺ ገበያ የሚወርድ ነው። በየአጥቢያው ጀርመኖቹ ያስተማሩት የናስ ጥሩምባ ይነፋል፤ እነርሱ ሁለት ጊዜ ሲወሰዱ ጥሩምባው አልተወሰደም።

እስከ ኅዳር 12 ቀን ድረስ ተነጋገሩ። ስለ ሃይማኖት መግለጫ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ሚሲዮንና ቤተ ክርስቲያን እንዴት አብረው እንደሚኖሩ መከሩ። ሁለት ሚስት ያለው ሰው ወንጌልን ሲቀበል ምን ይደረግ የሚለው ነገር በዚያ ዘመን በየአገሩ ሽማግሌ የሚያስጨንቅ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አለቀ ብሎ የሚምል የለም። ሰዎቹን ያበረታቸው የነገሩ መፈታት አይመስለኝም። እያንዳንዱ በየጓዳው ብቻውን የተሸከመው ሸክም በሌላው ትከሻ ላይም እንዳለ በዓይኑ አየ። ተስፋቸው የታደሰው በዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ስቴፋኖ ሞሺ የሰሜን ታንጋኒካ ሉተራውያንን ለመምራት ከአገሩ ተወላጆች የመጀመሪያው ሆነ። በእኛም አገር ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተመሠረተች። ሁለተኛው ጉባኤ በ1952 ማብቂያ በማዳጋስካር በአንሲራቤ ተደረገ። ሦስተኛው በጥቅምት 1958 በአዲስ አበባ ሲሆን፣ መካነ ኢየሱስን በፕሬዚዳንትነት ይመሩ የነበሩት የንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስትር አቶ አማኑኤል አብርሃም ነበሩ። ከታንጋኒካም ወገን የቡኮባው ጆሳያ ኪቢራ በ1969 ዓ.ም. በዳሬሰላም የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ ለዚህ ወንበር ከአፍሪካ የመጀመሪያው እርሱ ነው።