ልጆች የእንስሳት ባለቤት የሚሆኑበት የካውንቲ ዐውደ ርዕይ

በሐምሌና በነሐሴ ወራት በአሜሪካ ገጠራማ አካባቢዎች በየዓመቱ የሚደገም አንድ ትዕይንት አለ። ዐሥር ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ፣ ክብደቱ ከእርሱ ከዐሥራ አምስት እጥፍ በላይ የሆነ ሰንጋ በገመድ እየመራ ሕዝብ ወደተሰበሰበበት አጥር ይገባል። ዳኛው ሰንጋውን ዞሮ ያያል፣ ጀርባውን በእጁ ይዳስሳል፣ ከዚያም ወደ ልጁ ዞር ብሎ ይጠይቃል፦ መቼ ተወለደ? ምን ትመግበዋለህ? ስንት ኪሎ ይመዝናል? መልሱን መስጠት ያለበት ልጁ ነው፤ አባት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ከመመልከት በቀር ድርሻ የለውም።

ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር እርከን ነው። አብዛኞቹ ካውንቲዎች በዓመት አንድ ጊዜ ለጥቂት ቀናት የሚቆይ የግብርና ዐውደ ርዕይ ያዘጋጃሉ። እህል፣ አትክልት፣ የቤት ውስጥ ሙያ፣ ማሽንና መዝናኛ ሁሉ ይቀርብበታል፤ ከሁሉ ይበልጥ ሰው የሚሰበስበው ግን ልጆች ያሳደጓቸውን እንስሳት የሚያቀርቡበት ውድድር ነው።

አመጣጡ

የአሜሪካ የግብርና ዐውደ ርዕይ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከኤልካና ዋትሰን ነው። ዋትሰን እ.ኤ.አ በ1807 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ፒትስፊልድ በተባለች ከተማ አደባባይ ሁለት የሜሪኖ ዝርያ በጎች አቁሞ ለሕዝብ አሳየ። ሜሪኖ በጸጉሩ ጥራት የታወቀ የበግ ዝርያ ነው። ሁለቱን በጎች ለማየት የተሰበሰበውን ሰው ሲመለከት፣ በጎቹ እንዲህ ካስገረሙ ብዙ እንስሳት ቢሰበሰቡ ምን ሊሆን ነው ሲል አሰበ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም አርቢዎች ተወዳድረው የሚሸለሙበት ዐውደ ርዕይ በዚያው አካባቢ ተቋቋመ፤ ልማዱም ወደ ሌሎች ግዛቶች ተዛመተ።

ልጆች ራሳቸውን ችለው የገቡበት ግን ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ በጥር 1902 በኦሃዮ ግዛት፣ በክላርክ ካውንቲ የትምህርት ቤቶች ኃላፊ የነበረው ኤ. ቢ. ግራሃም የወንዶችና የሴቶች ልጆችን የግብርና ክበብ አቋቋመ። ልጆቹ አፈር መመርመርን፣ የተመረጠ በቆሎ መዝራትንና አትክልት ማልማትን ተማሩ። በሌሎች ግዛቶችም ተመሳሳይ ክበቦች ተከፈቱ።

የክበቦቹ መስፋፋት ከማስተማር ያለፈ ምክንያት ነበረው። በዚያ ዘመን የግብርና ኮሌጆች ተመራማሪዎች አዲስ ዘርና አዲስ ዘዴ ይዘው ወደ ገበሬው ሲሄዱ ብዙ ጊዜ የሚቀበላቸው አያገኙም ነበር። ገበሬው አባቱ ያሳየውን መንገድ ላልተፈተነ ነገር መተው አልፈለገም፤ አንድ ዓመት ቢሳሳት የሚራበው ቤተሰቡ ነውና። ልጆች ግን ትንሽ መሬት ተሰጥቷቸው አዲሱን ዘር ሞከሩት። የልጁ በቆሎ ከአባቱ በቆሎ ልቆ ሲገኝ አባት በዐይኑ ያየውን አመነ። በዚህ መንገድ ልጆች የአዲስ እውቀት አድራሾች ሆኑ።

እ.ኤ.አ በ1914 የወጣው ስሚዝ ሊቨር የተባለው ሕግ፣ በፌዴራል መንግሥት፣ በግዛቶችና በግብርና ኮሌጆች ትብብር የሚካሄድ የኤክስቴንሽን አገልግሎት ሲያቋቁም የልጆቹ ክበቦችም በዚያ ሥር ታቀፉ። ክበቦቹ ፎር ኤች በሚል ስም ይታወቃሉ። ስሙ የተወሰደው በእንግሊዝኛ በአንድ ፊደል ከሚጀምሩ አራት ቃላት ሲሆን፣ ትርጉማቸው አእምሮ፣ ልብ፣ እጅ እና ጤና ነው፤ ምልክቱም አራት ቅጠል ያለው አረንጓዴ የማገጥ ተክል ነው። እ.ኤ.አ በ1928 ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ የግብርና ተማሪዎች ማኅበር የሆነው ኤፍ ኤፍ ኤ በካንሳስ ሲቲ ተመሠረተ። ዛሬ በካውንቲ ዐውደ ርዕይ እንስሳት የሚያቀርቡት ልጆች በአብዛኛው የእነዚህ የሁለቱ አባላት ናቸው። በፎር ኤች የተለመደው የተወዳዳሪ ዕድሜ ከ8 እስከ 18 ዓመት ነው።

ከግዢ እስከ ሚዛን

ሥራው የሚጀምረው ውድድሩ ከመድረሱ ከብዙ ወራት በፊት ነው። ሰንጋ ሊያቀርብ ያሰበ ልጅ ጥጃውን ባለፈው መኸር ይገዛል፤ አሳማ ወይም ጠቦት የሚያሳድግ ደግሞ በጸደይ ይገዛል። ገንዘቡን ከቤተሰቡ የሚበደር አለ፤ ካለፈው ዓመት ሽያጭ ያስቀመጠም አለ። እንስሳው ተመዝግቦ የጆሮ ምልክት ይደረግለታል፤ ይህም በመጨረሻው ቀን ሌላ እንስሳ ተተክቶ እንዳይቀርብ ይረዳል።

ሰንጋ ለሥጋ ሲደርስ ከ550 እስከ 650 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ አሳማ ከ115 እስከ 130፣ ጠቦት ደግሞ 60 ኪሎ ግራም ገደማ። የውድድሩ ቀን ስለማይለወጥ ልጁ ወደ ኋላ ማስላት ይኖርበታል። ለምሳሌ 30 ኪሎ የሚመዝን ጠቦት በ100 ቀን ውስጥ 60 ኪሎ እንዲደርስ ከተፈለገ በቀን 300 ግራም መጨመር አለበት። ለእያንዳንዱ ኪሎ ጭማሪ 6 ኪሎ መኖ የሚበላ ከሆነ በጠቅላላው 180 ኪሎ መኖ ያስፈልጋል ማለት ነው። ፈጥኖ የወፈረ እንስሳ ስብ ይበዛበታል፤ የዘገየው ከተፈለገው ክብደት በታች ሆኖ ይቀርባል። ሁለቱም ነጥብ ያስቀንሳሉ።

መመገቡ ብቻውን አይበቃም። ሰንጋን ያህል ጉልበተኛ እንስሳ አንድ ልጅ በኃይል ሊገታው አይችልም። ስለዚህ ከጥጃነቱ ጀምሮ መታሰርን፣ መዳሰስን፣ መታጠብንና በገመድ መመራትን ያለምደዋል። ይህ በየቀኑ የሚደጋገም የወራት ሥራ ነው። አሳማ በገመድ አይመራም፤ በቀጭን በትር ጎኑን ነካ ነካ እያደረጉ ይነዱታል። በግ ብዙ ጊዜ ያለ ገመድ፣ አገጩ በእጅ ተይዞ ይቀርባል።

የከተማ ልጆችም ከዚህ አልተገለሉም። ግቢ የሌለው ልጅ ጥንቸል ወይም ዶሮ ያሳድጋል፤ ወይም እንስሳውን በሌላ ሰው በረት አስቀምጦ በየቀኑ እየሄደ ይንከባከባል።

መዝገቡ

እያንዳንዱ ልጅ መዝገብ ይይዛል። እንስሳው የተገዛበት ቀንና ዋጋ፣ የመኖው ዐይነትና ወጪ፣ የተሰጠው ክትባትና መድኃኒት፣ በየጊዜው የተመዘነው ክብደት፣ በመጨረሻም የተሸጠበት ዋጋ ይሰፍርበታል። ዓመቱ ሲያልቅ ትርፍ ወይም ኪሳራው ይሰላል። እንስሳው ታሞ ቢሞትም መዝገቡ ይዘጋል፤ ምክንያቱና የደረሰው ኪሳራ ይጻፍበታል።

የልማዱ ዋና ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። እንስሳ የሚጠብቅ ልጅ በየአገሩ አለ፤ ይህ ልጅ ግን የወጪውም፣ የውሳኔውም፣ የውጤቱም ባለቤት ነው። መኖ ቢረሳ ስህተቱ በሚዛኑ ላይ ይታያል፤ ውድ መኖ ቢያበዛ በመዝገቡ ላይ ይታያል።

በዳኛው ፊት

ውድድሩ በሁለት ይከፈላል። በመጀመሪያው የሚመዘነው እንስሳው ነው፤ አቋሙ፣ አረማመዱ፣ የሥጋው ሙላትና የስቡ መጠን ይታያል። ዳኛው የበጉን ጀርባና ሽንጥ በእጁ ይጫናል። በግ ተራ የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምርመራ ነው።

በሁለተኛው የሚመዘነው ልጁ ነው። እንስሳውን እንዴት እንደያዘ፣ እንዴት እንዳስተካከለ፣ ዐይኑን ከዳኛው ሳያነሣ መቆም መቻሉ፣ ስለሚያሳድገው እንስሳ ያለው እውቀት ይፈተናል። እንስሳው ተራ ሆኖ ልጁ አንደኛ ሊወጣ ይችላል። ውድ ጥጃ መግዛት የማይችል ቤተሰብ ልጅ በዚህኛው ክፍል ከማንም ጋር እኩል ይቆማል።

በብዙ ቦታዎች ሰማያዊ ሪባን ከፍተኛውን ደረጃ፣ ቀይ ሁለተኛውን፣ ነጭ ሦስተኛውን ያመለክታል። በልጆች ውድድር ደግሞ እያንዳንዱ እንስሳ ከሌላው ጋር ሳይሆን ከተቀመጠ መስፈርት ጋር የሚነጻጸርበት አሠራር የተለመደ ነው። በዚህ አሠራር ሰማያዊ ሪባን የሚያገኘው አንድ ልጅ ብቻ አይደለም፤ መስፈርቱን ያሟሉ ሁሉ ያገኛሉ።

ጨረታውና ስንብቱ

ለሥጋ ያደጉት እንስሳት በዐውደ ርዕዩ ማብቂያ ለጨረታ ይቀርባሉ። ገዢዎቹ በአብዛኛው የአካባቢው ባንክ፣ የመኖ መደብር፣ የማሽን ነጋዴና ሌሎች ድርጅቶች ናቸው። ልጆችን ለማበረታታት ሲሉ ከገበያው ዋጋ በላይ ይከፍላሉ። ብዙ ልጆች ገንዘቡን ለኮሌጅ ትምህርት ያስቀምጣሉ ወይም ለሚቀጥለው ዓመት እንስሳ ይገዙበታል።

ከዚያ በኋላ እንስሳው ወደ ቄራ ይሄዳል። ለርቢ የሚያድጉ ጊደሮችና ሴት በጎች ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ ሰንጋው፣ አሳማውና ጠቦቱ ግን አይመለሱም። ለበዓል የተገዛውን በግ ለጥቂት ቀናት ሣር ያበላ የከተማ ልጅ የሚሰማውን ስሜት እነዚህ ልጆች ከወራት እንክብካቤ በኋላ ይቀምሱታል። በጨረታው ምሽት በበረቱ ውስጥ አንገት አቅፎ የሚያለቅስ ልጅ ማየት እንግዳ አይደለም።

ይህ ስንብት ክርክር ያስነሣል። ደጋፊዎቹ፣ ሥጋ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅና ለእንስሳው እስከ መጨረሻው ደግ የሚሆን ሰው የሚቀረጸው እንዲህ ነው ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው፣ አንድ ትንሽ ልጅ የወደደውን እንስሳ ለእርድ እንዲያስረክብ ማስገደድ ተገቢ አይደለም ይላሉ። እ.ኤ.አ በ2022 በካሊፎርኒያ ግዛት የተከሰተው ጉዳይ ክርክሩን ወደ ፍርድ ቤት አድርሶታል። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያሳደገችው ፍየል በ902 ዶላር ተሸጠ፤ ልጅቷ ግን ልትለየው አልቻለችም። እናቷ የሚደርሰውን ኪሳራ ለመተካት ቃል ገብታ ፍየሉን ከዐውደ ርዕዩ ወሰደችው። አዘጋጆቹ ደንቡ ሊጣስ አይገባም በማለታቸው የፖሊስ ባልደረቦች በርካታ መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዘው ፍየሉን አመጡ፤ ፍየሉም ታረደ። ክስ ከቀረበ በኋላም እ.ኤ.አ በ2024 ለቤተሰቡ 300 ሺህ ዶላር እንዲከፈል ስምምነት ተደርሷል።

ጤናና ሐቀኝነት

ሽልማትና ገንዘብ ባለበት ማጭበርበርም ይመጣል። በ1990ዎቹ ክሌንቡተሮል የተባለ ጡንቻ የሚያዳብር መድኃኒት በተወዳዳሪ እንስሳት ሰውነት ውስጥ በመገኘቱ ሽልማታቸውን የተነጠቁ ነበሩ። መድኃኒቱ ለሥጋ እንስሳት ያልተፈቀደና ሥጋውን ለሚበላ ሰው ጎጂ ነው። ከዚያ ወዲህ የአሸናፊ እንስሳት ምርመራ ጠብቋል፤ ልጆችም የእንስሳት አያያዝና የመድኃኒት አጠቃቀም ሥልጠና እንዲወስዱ በብዙ ቦታዎች ይጠየቃሉ። መድኃኒት የተሰጠው እንስሳ ከመታረዱ በፊት መድኃኒቱ ከሰውነቱ እስኪወጣ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለበት ማወቅ ከሥልጠናው አንዱ ክፍል ነው።

ከየቦታው የመጡ እንስሳት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሰበሰቡ በሽታም ይተላለፋል። እ.ኤ.አ በ2012 በአሜሪካ ከ300 በላይ ሰዎች ከአሳማ በተላለፈ የኢንፍሉዌንዛ ዐይነት ተይዘዋል፤ አብዛኞቹ በዐውደ ርዕይ ከአሳማ ጋር የተነካኩ ልጆች ነበሩ። ስለዚህ በአሳማ በረት ውስጥ መብላትና መጠጣት እንዳይኖር፣ እጅ በሳሙና እንዲታጠብ፣ የታመመ እንስሳም ወዲያውኑ እንዲለይ ይመከራል። የወፍ ጉንፋን በተስፋፋባቸው ዓመታት የዶሮ ውድድር የተሰረዘባቸው ግዛቶች ነበሩ።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ቁርኝት

ትምህርትን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን በአንድ ላይ የሚያስኬደው የአሜሪካ የግብርና ኮሌጆች አሠራር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በ1950ዎቹ የተመሠረተው ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከሚባለው ተቋም ጋር በተደረገ ትብብር፣ ያንኑ አሠራር ተከትሎ ነው።

መዝገብ መያዝም በአርቢው ደጅ ገብቷል። እ.ኤ.አ ከ2009 ጀምሮ በመንዝ፣ በቦንጋና በሆሮ በተካሄዱ ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራዎች የግልገሎች ክብደት እየተመዘገበ፣ ለርቢ የሚቀሩት አውራ በጎች በአርቢዎቹ በራሳቸው ይመረጣሉ። ቀድሞ ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ለገበያ ሲወጣ ለርቢ የሚቀረው ደካማው ነበር፤ መዝገቡ ይህን ለመቀየር ረድቷል።

በኢትዮጵያ ገጠር ልጅ ገና በለጋነቱ ግልገልና ጥጃ ይጠብቃል። ስለ እንስሳው ጠባይ ያለው እውቀት ከአሜሪካው ልጅ አያንስም። ልዩነቱ ያለው ደብተሩ ላይ ነው። አንድ ሙክት የሚያደልብ ቤተሰብ መግዣውን፣ የመኖውን ወጪ፣ የሰጠውን መድኃኒትና መሸጫውን በአንድ ገጽ ቢያሰፍር፣ ጽሕፈቱንም ትምህርት ቤት ለሚሄደው ልጅ ቢሰጥ፣ በበዓሉ ማግስት ማድለቡ አትራፊ መሆን አለመሆኑን በቁጥር ያውቃል። በካውንቲው ዐውደ ርዕይም ሪባኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ጋጣው ተጠርጎ ባዶውን ሲቀር፣ ልጁ ለሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚገዛ የሚወስነው ያንን ገጽ ተመልክቶ ነው።