ኪሌሌሽዋ

ኪሌሌሽዋ በኬንያ ርእሰ ከተማ በናይሮቢ፣ ከመካከለኛው የንግድ ሠፈር በስተምዕራብ፣ በላቪንግተን፣ በኪሊማኒና በዌስትላንድስ አቅራቢያ የሚገኝ፣ በዳጎሬቲ ሰሜን የምርጫ ክልል የሚቈጠር የመኖሪያ ሠፈር ነው። ናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1899 የምድር ባቡር ጣቢያ ሆና ከተቈረቈረች በኋላ፣ በዘመነ ቅኝ ግዛት የመንግሥት ሹማምንት ሰፊ ዐጸድ ባላቸው ቤቶች ይቀመጡበት የነበረው ይህ ሥፍራ፣ ከሃያ አንደኛው ምእት ዓመት መባቻ ወዲህ አሮጌው ቤት እየፈረሰ ባለብዙ ፎቅ ሕንፃ ቢተከልበትም፣ የውስጥ መንገዱ ሕዝቡ በበዛበት መጠን ሳይሰፋ ቀርቷል።

መጓጓዣ፦ ነዋሪው ወደ መካከለኛው ከተማ የሚመላለሰው በግል መኪና፣ ማታቱ በሚባለው ባለ 48 ቍጥር የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ወይም ቦዳ ቦዳ በሚባለው ሞተር ብስክሌት ሲሆን፣ ማታቱም እ.ኤ.አ. በ1973 በፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ትእዛዝ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲሠራ ከተፈቀደለት በኋላ፣ በ2004 የፍጥነት መገደቢያና የወንበር ቀበቶ እንዲኖረው ተገዷል።

የሠፈር ገበያ፦ በእግር የሚደረስባቸው ትንንሽ ሱቆችና የመንገድ ዳር ኪዮስኮች፣ ባለመኪናው ከሚያዘወትራቸው እንደ ያያ ማዕከል ካሉ ታላላቅ የገበያ አዳራሾች ጋራ ይፎካከራሉ። የናይሮቢ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መርሕ፣ ከመንገድ ሥራ በጀት 20 በመቶው ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ እንዲውል ወስኗል፤ የሠፈር ገበያ ሕይወት በእግረኛ ደንበኛ የጸና ነውና፣ የእነዚህ ሱቆች ዕጣ ከዚህ ውሳኔ ተፈጻሚነት ጋራ የተያያዘ ነው።