ፋሲል ከነማ

ፋሲል ከነማ ስፖርት ክለብ መቀመጫውን በጎንደር ያደረገ የእግር ኳስ ክለብ ነው። ሜዳው የዐፄ ፋሲለደስ ስታዲየም ሲሆን፣ ደጋፊዎቹ ቡድኑን «ዐፄዎቹ» ብለው ይጠሩታል። ለረጅም ጊዜ ከታችኛው ሊግ ሳይወጣ ቆይቶ በ2009 ዓ.ም የውድድር ዘመን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ተቀላቀለ።

በ2011 ዓ.ም በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ እየተመራ የሊጉን ዋንጫ ለማንሳት ተቃርቦ ነበር። በመጨረሻው ዕለት ግን መቐለ 70 እንደርታ ቀደመው። ያን ዓመት ሐዋሳ ከተማን በመለያ ምት አሸንፎ የኢትዮጵያ ዋንጫን መውሰዱ ቁጭቱን በከፊል አስታግሷል። የቀጣዩ ዓመት ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰረዘ።

2013 ዓ.ም የክለቡ ታላቅ ዘመን ነው። ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ ስለተካሄዱ ቡድኑ ከሜዳው ርቆ ነበር የተጫወተው፤ ይህም ድሉን ይበልጥ ያከብረዋል። በሥዩም ከበደ አሰልጣኝነት የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ከአማራ ክልል ፕሪሚየር ሊጉን ያሸነፈ የመጀመሪያው ክለብም እሱ ነው። አጥቂው ሙጂብ ቃሲም 20 ጎሎችን አስቆጠረ፤ የኮከብ ግብ አግቢነትን ክብር የተቀዳጀው ግን የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ነው።

በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ የሱዳኑ አል ሂላል ጥሎት አለፈ። በ2014 ዓ.ም በፕሪሚየር ሊጉ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ አጠናቀቀ።