ከቤተ መንግሥት ዜና እስከ ሰገሌ ሜዳ፤ የዘውዴ ረታ የብዕር ጉዞ

የጥቅምት ወር በባተ ቍጥር የሰሜን ሸዋ ሰው ሰገሌን ሳያነሣ አያልፍም፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሸኖ ብዙ በማይርቀው በዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ፥ በጋብቻና በአንድ አልጋ የተሳሰሩት የሸዋና የወሎ ሠራዊት ተራርደው፥ ንጉሥ ሚካኤል ተማርከው፥ የልጃቸው የልጅ ኢያሱ ዘመነ መንግሥት ተፈጽሟልና። የጦርነቱን ምክንያት አንባቢ ያውቀዋል፤ ልጅ ኢያሱ በሐረርጌ ሳሉ መስከረም 17 ቀን መኳንንቱና ካህናቱ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ሻሯቸው፥ ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥተ ነገሥታት፥ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ተባሉ፥ ንጉሥ ሚካኤልም የልጃቸውን ዙፋን ሊያስመልሱ ሠራዊታቸውን አስከትለው ከወሎ ወደ ሸዋ ወረዱ።

ዘንድሮ ግን ይህን ዘመን የማነሣው፥ ዘመኑን ለአማርኛ አንባቢ በሰፊው ከተረኩት ሰዎች በአንዱ፥ በአምባሳደር ዘውዴ ረታ በኩል ነው። ዘውዴ ረታ በ1927 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልደው፥ ገና በአፍላ ወጣትነታቸው፥ በ1945 ዓ.ም. በማስታወቂያ መሥሪያ ቤት የቤተ መንግሥት ዜና ጋዜጠኛ ሆነው ሥራ ጀመሩ። ከዚያ ወደ ፓሪስ ሄደው የጋዜጠኝነትን ትምህርት ተምረው ተመለሱ፤ በጋዜጣ፥ በራዲዮና በዜና አገልግሎት ላይ በኃላፊነት ሠርተው እስከ ምክትል ሚኒስትርነት ከፍ ካሉ በኋላ፥ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አገልግለው፥ በኢጣሊያ የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆኑ። ከአብዮቱ በኋላ ኑሯቸው በባዕድ አገር ሆነ፤ ለመጽሐፍ የሚበቃውን ጊዜ ያገኙትም፥ እንደ ብዙዎቹ የዚያ ትውልድ ሰዎች፥ ሹመቱና ሩጫው ካለፈ በኋላ ነው። በ1992 ዓ.ም. «የኤርትራ ጉዳይ» ታተመ፤ ከ1884 እስከ 1922 ዓ.ም. ያለውን ዘመን የሚተርከው «ተፈሪ መኰንን፤ ረዥሙ የሥልጣን ጉዞ» ተከተለ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ «የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት» ወጣ። በ2008 ዓ.ም. ዐረፉ።

በእኒህ መጻሕፍት ላይ ከሊቃውንተ ታሪክ ወገን የሚሰነዘር አንድ ነቀፌታ አለ፤ ይኸውም ደራሲው የመኳንንቱን ንግግር ቃል በቃል እንደ ሰማ ሰው አድርገው ማቅረባቸው፥ ደግሞም ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ስለ ነበሩ ፍርዳቸው ወደዚያው ያዘነብላል የሚል ነው። ነቀፌታው ከንቱ ነው አልልም፤ በተዘጋ እልፍኝ ውስጥ የተነገረ ቃል በጥቅስ ተቀምጦ ሲነበብ፥ ነቅዑን መጠየቅ የአንባቢ መብት ነውና። ነገር ግን አንድ ነገር እናስብ። ዘውዴ ረታ የዜና ብዕራቸውን ሲያነሡ ከሰገሌ ወዲህ ያለፈው 36 ዓመት ብቻ ነበር፤ በሃያ ዓመቱ ጠመንጃ ይዞ የተሰለፈ ወታደር ገና የ56 ዓመት ጎልማሳ፥ በዚያ ውጊያ ላይ ከነበሩት መኳንንት ራስ ካሣ ኃይሉ በሕይወት፥ አልጋ ወራሹ ራሳቸውም በዙፋን ላይ ነበሩ። ወጣቱ ጋዜጠኛ በየዕለቱ የሚውልበት ግቢ፥ ታሪኩን የሠሩት ሰዎች የሚመላለሱበት ግቢ ነበር። የዚያ ዘመን ሰነድ በአብዛኛው በሰው ልብ ውስጥ ተጽፎ የኖረ ስለ ሆነ፥ ያንን ሰነድ ማንበብ የሚችለው ማን፥ የት፥ በስንት ሰዓት ብሎ መጠየቅን የለመደ ሰው ነው።

የዚህን ጥያቄ ዋጋ ለማየት ከሰገሌ ነገሮች እጅግ የሚያከራክረውን አንዱን ልውሰድ። ከዋናው ውጊያ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ በቶራ መስክ የሸዋው ግንባር ቀደም ጦር ተደምስሶ፥ አዛዡ ራስ ልዑል ሰገድ ከሠራዊታቸው ጋር ወድቀዋል። በዚያች ሰዓት የአዲስ አበባ መንገድ ለንጉሥ ሚካኤል ክፍት ነበር ማለት ይቻላል፤ እርሳቸው ግን አልገሠገሡም። በቆዩባቸው በእነዚያ ቀናት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ከየአውራጃው የሚመጣውን ጦር እያከማቹ ኃይላቸውን አበረቱ። ንጉሡን ምን ያዛቸው? አንዱ ወገን የሀብተ ጊዮርጊስ ብልኀት ነው ይላል፤ በልባቸው የኢያሱ ወገን የሆኑ መስለው በሽንገላ ቃል አዘገዩአቸው ይባላል። ሌላው ወገን ደግሞ አባት ልጁን ሲጠብቅ ቆየ ይላል።

ልጅ ኢያሱ በአፋር በረሃ በኩል አድርገው፥ ውጊያው በሆነበት ዕለት ጠዋት ጥቂት ሺህ ተከታዮች ይዘው አንኮበር እንደ ደረሱ ተጽፏል፤ የአባታቸውንም መሸነፍ በዓይናቸው አይተው ሸሹ ተብሏል። አገሩን የሚያውቅ ሰው ይህን የመጨረሻውን ቃል ሊቀበለው አይችልም። አንኮበር በደጋው ጠርዝ ላይ ወደ ቆላው የምትመለከት ከተማ ናት፤ ከእርሷ እስከ ደብረ ብርሃን ብቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፥ ከደብረ ብርሃን እስከ ሰገሌ ደግሞ በአዲስ አበባ አቅጣጫ ገና ከዚያ የማያንስ ይቀራል። ጠዋት አንኮበር የነበረ ሰው፥ ደክሞ ከበረሃ በወጣ ፈረስ፥ በዚያው ዕለት ሰገሌ ላይ የሆነውን ሊያይ አይችልም፤ ወሬውን ሰምቶ ግን ወደ መጣበት ሊመለስ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ልጁ በእውነት በመንገድ ላይ ነበር ማለት ነው፤ መዘግየቱንም በሀብተ ጊዮርጊስ ሽንገላ ብቻ ከመተርጐም ይልቅ፥ አባት የዘውዱን ባለቤት በግንባሩ አስቀድሞ ወደ አዲስ አበባ ሊገባ ሲጠብቅ ቆየ የሚለው ወደ እውነት የሚቀርብ ሆኖ አገኘዋለሁ። ያለ ኢያሱ የሚገባ የወሎ ጦር ወራሪ ይባል ነበር፤ ከኢያሱ ጋር ቢገባ ግን ንጉሠ ነገሥቱን ወደ አልጋው የመለሰ ጦር ይሆን ነበር።

ከሰገሌ በኋላ ያለው በአጭሩ ይነገራል፤ ንጉሥ ሚካኤል በምርኮ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው በሕዝብ ፊት ታዩ፥ ብዙም ሳይቆዩ በግዞት ሞቱ፤ ልጅ ኢያሱ ለዓመታት ሲንከራተቱ ቆይተው በ1913 ዓ.ም. ተይዘው በፍቼ ታሰሩ።

ዛሬ ሰገሌን ያየ ሰው በሕይወት የለም፤ የቤተ መንግሥቱ ጋዜጠኛ ያገኙትን ዕድል የሚያገኝ ጸሐፊ ከእንግዲህ አይነሣም። ሆኖም አያቱ በዚያ ሜዳ የዋለ፥ ከአባቱ የሰማውን ቃል የሚጠብቅ፥ በሣጥኑ ውስጥ የደረቀ ደብዳቤ ወይም ማኅተም ያረፈበት ወረቀት የያዘ ቤተ ሰብ በአንኮበር፥ በመንዝ፥ በቡልጋና በተጉለት አይጠፋም። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ታሪክና ጋዜጠኝነት የምትማሩ ወጣቶች፥ የዕረፍት ጊዜያችሁን ወደ እነዚህ ቤቶች አቅኑ፤ ሽማግሌውን ከምስክርነቱ አስቀድማችሁ የት ቆሞ እንዳየና ከማን እንደ ሰማ ጠይቁት፤ ቃሉን ቅዱ፥ ቀኑን ጻፉበት። ወረቀት ያላችሁ ባለቤቶችም ዋናውን ባትሰጡ እንኳ ግልባጩን ለወመዘክር አስረክቡ።