ስለ ዝና አዳራሽና ስለ ምርጫው ሥርዓት

ዝነኛ ስፖርተኞችን መርጦ ስማቸውን በአንድ አዳራሽ መዝግቦ ማኖር በአሜሪካ የቆየ ልማድ ነው። የዚያ አገር የቤዝቦል አዳራሽ በ1936 (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) የመጀመሪያዎቹን 5 ሰዎች ሲሰይም ድምፅ የሰጡት የጋዜጣ ጸሓፊዎች ነበሩ፤ ለመመረጥም ከመቶ 75 ድምፅ ማግኘት ያስፈልግ ነበር።

ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበር ግን በ2012 የራሱን የዝና አዳራሽ ሲያቋቁም ዝቅተኛውን መስፈርት በቍጥር ወሰነ። ይኸውም እጩው ቢያንስ 2 የኦሎምፒክ ወይም የዓለም ሻምፒዮና ድል ያገኘ፥ ቢያንስ 1 የዓለም ክብረ ወሰን ያስመዘገበ፥ ውድድር ከተወም 10 ዓመት የሞላው እንዲሆን ነው። ከዚህም ጋር ሥራው በስፖርቱ ላይ ልዩ ተጽዕኖ ያሳደረ መሆን አለበት።

በዚያው ዓመት በመጀመሪያ ከተሰየሙት 12 ሰዎች አንዱ አበበ ቢቂላ ነው። በ1960 በሮማ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰኮንድ፥ በ1964 በቶኪዮ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰኮንድ ሮጦ አሸንፏል። ሆኖም የማራቶን መንገድ ከአገር አገር ስለሚለያይ ማኅበሩ እስከ 2004 ድረስ በዚህ ርቀት «ክብረ ወሰን» አይመዘግብም ነበር፤ ስሙ «የዓለም ምርጥ ሰዓት» ነበር። እንግዲህ ለአበበ ሲባል ደንቡ ለዘብ ተደርጎ መነበብ ነበረበት፤ ደግም ተደረገ።

ከአርሲ ልጆች ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ቀነኒሳ በቀለ በድልም በክብረ ወሰንም ችግር የለባቸውም። ችግሩ ያለው በበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ ላይ ነው። ደራርቱ በ10,000 ሜትር በ1992 በባርሴሎና፥ በ2000 በሲድኒ የኦሎምፒክ፥ በ2001 በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አግኝታለች። በዚህ ርቀት ግን የዓለም ክብረ ወሰን አልነበራትም። ምክንያቱን መመርመር ይገባል። ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ በ1993 በቤጂንግ 29 ደቂቃ ከ31.78 ሰኮንድ ሮጣ ነበር፤ ደራርቱ በሲድኒ የኦሎምፒክን ክብረ ወሰን የሰበረችበት 30 ደቂቃ ከ17.49 ሰኮንድ ከዚህ በ46 ሰኮንድ ያህል ይዘገያል። የዋንግን ሰዓት የሰበረችው አልማዝ አያና ናት፤ እርሷም በ2016 በሪዮ፥ ከ23 ዓመት በኋላ። ዋንግ ከመጀመሪያዎቹ 12 አንዷ ናት። ስለዚህ ይህ መስፈርት የሚለካው ሯጯን ብቻ አይደለም፤ የተወዳደረችበትንም ዘመን ነው።

በሲሬ ስናድግ የደራርቱ ስም ሲነሣ ሰዓቷን የሚጠይቅ አልነበረም። የሚወራው በባርሴሎና ሁለተኛ ከወጣችው ከደቡብ አፍሪካዋ ነጭ ሯጭ ከኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን መዞራቸው ነበር። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከ1960 በኋላ ኦሎምፒክ ላይ ስትታይ ያ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደራርቱም ለኦሎምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። «ልዩ ተጽዕኖ» የሚለው ቃል ለዚህ ካልሆነ ለምን እንደ ተጻፈ አይገባኝም።

በአገራችን እንዲህ ያለ አዳራሽ ቢቋቋም ተጽዕኖው ቀድሞ እንዲመዘን፥ ቍጥሩ እንዲከተል ሐሳብ አቀርባለሁ። አለዚያ በ1996 በአትላንታ ማራቶንን ያሸነፈችው የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት፥ ያችው የአርሲዋ ፋጡማ ሮባ፥ የኦሎምፒክ ወርቋ አንድ ነው ተብላ ከበር ትመለሳለች።